ፊዚክስ የሚባለው ድርጅት

ወሬውን ከሌላ ሰው ሰምታችሁት ከሆነ በቅድሚያ አንድ ነገር ላስተካክል፤ እኔ ማንንም ለመመዝገብ አልዞርኩም። ዱቄት ይሰጣል፣ ዘይት ይሰጣል፣ በር ይተካል ብዬም ለማንም ቃል አልገባሁም። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው መርሳ ነው። ጥፋቴ ፊዚክስ መውደቄ ብቻ ነው።

ወደቀች ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ ደደብ ናት ብሎ ይፈርዳል። ቆይ እንጂ! ታች ክፍል እያለሁ፣ ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ በነበረ ጊዜ፣ የሚቀድመኝ አልነበረም። ላዕሉን ከታህቱ፣ ጠጣሩን ከፈሳሹ ለይቼ አውቅ ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት አልፎ ስንመለስ ትምህርቱ ሁሉ ፈረንጅ ሆኖ ጠበቀን። ሦስት ማዕዘን እንኳ፣ ያ አብሮኝ ያደገው ሦስት ማዕዘን፣ ዓረብ አገር ቆይቶ እንደመጣ ዘመድ «አላወቅሽኝም፤ ትራያንግል ነኝ» አለኝ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ቲቸር ደረጀ ይባላል። ከጎጃም የመጣ፣ ሰው አክባሪ፣ ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ስሙ ደረጀ ነው፣ ጭንቀቱ ደግሞ ደረጃ። ከዞን ተቆጣጣሪዎች መጥተው የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ሊለኩ ነው ከተባለ ወዲህ ሰውዬው እህል አይቀምስም። ደረጃው ቤተ ሙከራ ይኑር ይላል፤ አለን። ማይክሮስኮፕ ይኑር ይላል፤ እሱም አለን፣ ግን እንዳይሰበር ተቆልፎበት ስለሚኖር የምናየው በመስኮት ነው። ረቂቅ ነገር አጉልቶ ያሳያል ይሉታል። እኛ እሱን ራሱን ለማየት ዓይናችንን እናጨነቁራለን።

ከሁሉ የከፋው ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ የሚለው ነው። ርዕሰ መምህሩ በበረንዳው ሲያልፉ ቲቸር በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ኮቴያቸው ሲርቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ማለት መሰላችሁ...» ይልና በአማርኛ ያስረዳናል። እኔ እስከ ዛሬ የገባኝ ፊዚክስ ሁሉ በሹክሹክታ የገባኝ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ይመጣሉ ሲባል ርዕሰ መምህሩ ከበረንዳው አልጠፋ አሉ። ሹክሹክታው ቀረ። እኔም ወደቅኩ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ውጤቴን ሲያይ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክሩን በጥርሱ በጠስ አደረገና «ከደገምሽ ሐራ አጎትሽ ዘንድ ሄደሽ ሱቅ ትቆሚያለሽ» አለኝ። «ሳሙና መሸጥ እንግሊዝኛ አይጠይቅም።»

ሐራን አልጠላም፤ ሰው አለ፣ ገበያ አለ። ግን የአጎቴን ሱቅ አውቀዋለሁ። ሳሙና፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ አንድ በርጩማ። በዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስሸመግል ታየኝና ወላሂ ሌሊቱን ትራሴ ረጠበ።

በማግሥቱ ቲቸር ክፍል ገብቶ በሰሌዳው ላይ አንድ ፕሮጀክት ጻፈልን። በአካባቢያችሁ ያሉ ሰዎችን ዲስፕሌስመንት ፈልጉ ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ይህን በደንብ ሠርተሽ ተቆጣጣሪዎቹ ባሉበት ካስረዳሽ ሃያ ማርክ አለው» አለኝ። «ሃያውን ሳታጎድይ ካገኘሽ ታልፊያለሽ። አለበለዚያ ግን...»

አለበለዚያውን ሳይጨርሰው የርዕሰ መምህሩ ኮቴ ተሰማ። ቲቸርም ወደ እንግሊዝኛው ተመለሰ። ዲስፕሌስመንት ምን እንደሆነ ሊነግረኝ የነበረው፣ እንግዲህ፣ ያኔ ነው።

ምን ላድርግ? ከአባቴ ስልክ ላይ መዝገበ ቃላት ከፈትኩና ፈለግሁት። ስልኩ ሳያቅማማ መለሰልኝ፦ መፈናቀል።

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ፊዚክስ መርሳ ገባ! የመጽሐፉ ነገር ሁሉ እኮ የሰው አገር ነው። ባቡር ኤ ከባቡር ቢ ጋር የሚገናኘው በየት በኩል ነው? የኛ ሐራ ሐዲዱ ተዘርግቶ ባቡሩን ይጠብቃል፤ ባቡር ኤንም ባቡር ቢንም ያየ የለም። መፈናቀል ከሆነ ግን እዚህ አገር ሽማግሌውም ሕፃኑም ዶክተር ነው። በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ያልሸሸ ቤት የት አለ? እንግዲያ ይኼ የኛ ትምህርት ነው ብዬ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።

ከአባቴ ጀመርኩ።

«አባየ፣ ስንት ተፈናቀልህ?»

የስፌት መኪናውን አቆመ። «ስንት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ከየት እስከ የት?»

«ከዚህ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ደሴ። በእግር። እናትሽን፣ አንቺን፣ የመኪናዋንም ጭንቅላት ተሸክሜ። ስወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ስመለስ ቁልፉ አለ፣ በሩ የለም።» ቁልፉ ዛሬም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በሩን ሲያነሳ ይስቃል፤ እናቴ ግን አትስቅም።

ይህን ስጽፍ ጎረቤታችን አያ ይማም እዚያው ተቀምጠው ሱሪያቸው እስኪጣፍ በሽርጥ ይጠብቃሉ። አያ ይማም ደግ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ነው።

«ለምንድን ነው ልጄ የምትጽፊው?» አሉኝ።

«ለፊዚክስ ነው አያ ይማም። ከዞን ሰዎች ይመጣሉ፤ ፊታቸው ቀርቤ አስረዳለሁ።»

«ፊዚክስ...» አሉና ቃሉን አላመጡት። «አልሰማሁትም። አዲስ የገባ ነው? የውጭ ነው የአገር ውስጥ?»

«የውጭ ነው እንጂ። እንግሊዝኛ አይደል» አልኩ፣ እኔ ጅሏ።

አያ ይማም ሱሪያቸውን ሳይወስዱ በሽርጣቸው ወጡ። ሰው ሱሪውን ትቶ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ደግሞ ነገሩ የዋዛ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከአስር ሶላት በፊት ወሬው መናኸሪያ ደርሷል፦ ፊዚክስ የሚባል ድርጅት ገብቷል፣ የተፈናቀለ ይመዘግባል፣ የተወሰደ በር ይተካል፣ ጸሐፊዋ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት።

ቤታችን ሞላ። አንዱ «እኔ አልሸሸሁም፤ ግን ከሳሎን ወደ ጓዳ ተፈናቅዬ ከጎታው ጀርባ ሰንብቻለሁ። ይያዝልኝ» አለኝ። አንዷ ዶሮዎቼም ተፈናቅለዋል አለች፣ ከነስማቸው። ሌላዋ ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ «እኔን ያፈናቀለኝ ባሌ ነው፤ ይህን ፊዚክስ ይይዘዋል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኧረ ይኼ ትምህርት ነው፣ የምሰጠው ነገር የለኝም እያልኩ ብጮህ «አውቀናል፣ አውቀናል። ዝም ብለሽ ጻፊ፣ ሌላ ሰፈር እንዳይሰማ» ይሉኛል። መካድ ለካ ማረጋገጫ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር? ከሰዉ ብዛት የተነሳ ፕሮጀክቴ ሲወፍር ውስጤ ደስ ብሎታል። ሃያውን ማርክ ኪሴ ገባ አልኩ።

ከሰፈሩ ያልመጡት እትየ ሉባባ ብቻ ናቸው። እትየ ሉባባ መናኸሪያው አጠገብ ማንጎ ይሸጣሉ። አቀማመጣቸው ሁሌ ይገርመኛል። ገዢው የሚመጣው በአስፋልቱ ነው፤ አውቶቡሱም የሚቆመው እዚያው ነው፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። ገዢ ትከሻቸውን ነክቶ ነው የሚገዛቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ሰይድ የሚባል። ያኔ ሁላችን ወደ ደሴ ስንሸሽ ሰይድ ከጓደኞቹ ጋር በሐራ በኩል ወደ ቆላው ወረደ። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራ ነበር፤ ቆይቶ መጥራቱንም ተወ። ስለ ምዝገባው ሲነግሯቸው «እኔ ቤቴ ተመልሻለሁ፤ ምን ልበል ብዬ?» አሉ አሉ።

የቁጥጥሩ ዕለት ጠዋት ትምህርት ቤት ስደርስ በሩ ላይ የቆመው ሕዝብ የሠርግ አጀብ ይመስላል። አያ ይማም ከፊት ሆነው ተራ ያስይዛሉ፤ አሁንም በሽርጣቸው ናቸው። እትየ ሉባባ እንኳ ሰው ባለበት ማንጎ ይሸጣል ብለው ቅርጫታቸውን ይዘው መጥተዋል።

ቲቸር ደረጀ እየሮጠ መጣ። «ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

«ፕሮጀክቴ ነው፣ ቲቸር።»

ወረቀቴን ተቀብሎ አነበበ። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ።

«መፈናቀል አልኩሽ እኔ?»

«እርስዎ ዲስፕሌስመንት አሉ፣ ስልኩ መፈናቀል አለ።»

«እንዴ! ዲስፕሌስመንት እኮ...» አለና በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ በአማርኛ ጀመረ። «ከተነሳሽበት ቦታ እስከ ደረስሽበት ድረስ በቀጥታ የሚለካ ነው! መንገዱ ይጠማዘዝ አይጠማዘዝ አያገባውም። መነሻሽና መድረሻሽ ብቻ! ሄደሽ ቤትሽ ከተመለስሽ ዜሮ ነው!»

አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ያልገባኝ ነገር አንድ ትንፋሽ ሳይሞላ ገባኝ።

«ይኼ ብቻ ነው?»

«ይኼ ብቻ ነው!»

«ታዲያ ቀድመው ለምን አልነገሩኝም?»

ዓይኑ ወደ በረንዳው ሄደ። እኔም ወደዚያው ሳይ ርዕሰ መምህሩ ተቆጣጣሪዎቹን አስከትለው እየመጡ ነው። አለቀልኝ፣ ሐራ ገባሁ አልኩ።

ከተቆጣጣሪዎቹ መነጽር ያደረጉት ሕዝቡን አይተው ቆሙ። «ይህ ሁሉ ሰው ለምን መጣ?»

ርዕሰ መምህራችን አሰልቺ ሰው ናቸው ብዬ ስንቴ አምቻቸዋለሁ! አላህ ይቅር ይበለኝ። ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ ነው» አሉ። «ወላጆች የልጆቻቸውን ፕሮጀክት ለማዳመጥ መጥተዋል።» ባለ መነጽሩ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ተሳትፎ አይተው አያውቁም መሰለኝ፣ ፊታቸው በራ። ክፍሉ ስለማይበቃ ሰሌዳው ከግድግዳው ተነቅሎ ወደ ግቢው ዋርካ ጥላ ወጣ። የዚያን ቀን በትክክል የተፈናቀለው እሱ ብቻ ነው።

ጠመኔ ያዝኩ። በእንግሊዝኛ ልጀምር ስል ባለ መነጽሩ «ወላጆችም እንዲሰሙት በአማርኛ አድርጊው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቲቸር ዞረው «ለመሆኑ ዲስፕሌስመንት በአማርኛ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ቲቸር ርዕሰ መምህሩን አየ። ርዕሰ መምህሩ ዋርካውን አዩ። ዋርካውም ዝም አለ። እኔም በዲስፕሌስመንትነቱ ቀጠልኩ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ነጥብ አድርጌ መርሳ አልኩት። ሌላ ነጥብ አድርጌ ደሴ አልኩት። በመሐላቸው መንገዱን ጠመዝማዛ አድርጌ ሳልኩት። «አባቴ ከዚህ ተነስቶ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ ደሴ ደረሰ። ከዚያ ተመልሶ መርሳ ቤቱ ገባ። መነሻውም መርሳ፣ መድረሻውም መርሳ ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ነው።»

ዋርካው ሥር ያለው ሕዝብ እንደ ንብ ቀፎ ተነሳ።

«ዜሮ?» አለ አባቴ፣ ከኋላ ቆሞ ኖሯል። «እግሬ አብጦ ጫማዬ በምላጭ ተቀድዶ ነው የወለቀልኝ! ዜሮ ነህ ትይኛለሽ?»

«ዜሮ ያለው ማነው?» አሉ አያ ይማም።

«ፊዚክስ ነው፣ አያ ይማም።»

«አላልኳችሁም!» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ቤቱ የተመለሰውን አይረዳም! ያልተመለሰውን ብቻ ነው የሚይዘው!» የዶሮዎቹ ባለቤት ከወዲያ «የኔዎቹ አልተመለሱም!» ብላ እጇን አወጣች።

«ቆዩ፣ ቆዩ!» አልኩ፣ ንዴቴ መጣ። የራሴ ፕሮጀክት እኮ ነው። «አባየ፣ ርቀት ሌላ ነው፣ ዲስፕሌስመንት ሌላ ነው። የሄድክበት ርቀት አይካድም፣ ሁሉም ተቆጥሮ ይያዛል። እግርህ ያበጠው በርቀቱ ነው። ይኼኛው የሚጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አሁን ያለኸው ከተነሳህበት ምን ያህል ርቀህ ነው? አልራቅክም። ቤትህ ነህ። ስድብ አይደለም፣ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው።»

አባቴ ሰሌዳውን አየ። «እንዲያ ከሆነስ ደህና ዜሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ቲቸር ደረጀ ከጎን ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ ፈገግ እያለ ነው። ሃያዋ መጣች ስል እትየ ሉባባ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው ተነሱ።

«ልጄ» አሉኝ። «ያልተመለሰውን ብቻ ነው የሚይዘው አሉኝ መሰለኝ። እንግዲያ ፊዚክስ የሚመለከተው የኔን ሰይድ ነው። የሱ ስንት ይወጣል?»

ቲቸርን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ባለ መነጽሩም ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ማንም አልደረሰልኝም። ዜሮ ልበላቸው? አልተመለሰም እኮ። ቁጥር ልስጣቸው? ከየት አምጥቼ?

ከመርሳ ነጥብ ላይ ጠመኔውን አስቀመጥኩ፤ ግን ወዴት እንደምስበው አላወቅሁም።

«እትየ» አልኩ። «መነሻው መርሳ ነው። መድረሻው ሳይታወቅ ግን አይሰላም።»

«ዜሮ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም! ዜሮማ አይደለም። ዜሮ የሚባለው ያለቀ ነው። የሱ አላለቀም። ገና ነው።»

«ገና ነው?»

«ገና ነው፣ እትየ።»

እትየ ሉባባ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ሰዉ ሁሉ እኮ አበቃ ነው የሚለኝ። እርምሽን አውጪ ይለኛል። ገና ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።»

እኔ ዕንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ጠመኔ ባለበት እጄ ጠረግሁትና ፊቴ ነጭ በነጭ ሆነ። አያ ይማም መዳፋቸውን ዘርግተው ለሰይድ ዱዓ አደረጉ። እስላሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን አለ፤ ባለ መነጽሩም አሜን ሲሉ ሰማኋቸው። እንዲህ በዱዓ ያለቀ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በደረጃው ላይ ይኑር አይኑር አላውቅም። ሕዝቡም ስለ ዱቄቱ ሳያነሳ ወደየቤቱ ሄደ፣ ከባለ ዶሮዋ በስተቀር።

ትምህርት ቤታችን በማኅበረሰብ ተሳትፎ ተመሰገነ። በቤተ ሙከራው ግን ተወቀሰ፤ ተቆጣጣሪዎቹም ማይክሮስኮፑን ያዩት በመስኮት ነው፣ ቁልፉ ጠፍቶ። ከቁልፍና ከበር ጋር ያለን ነገር፣ መቼም።

የኔ ማርክ ሲመጣ አሥራ ስምንት ሆኖ አረፈው። ሁለት ጎደለች! ሃያው ካልሞላ ደግሞ አላልፍም። በርጩማው ዓይኔ ላይ መጣ። ወደ ቲቸር በረርኩ።

«ጥሩ አድርገሽ ነው ያስረዳሽው» አለኝ። «ግን ዲስፕሌስመንት አቅጣጫ አለው። አልጻፍሽም። ደረጃውን እኔ ልሽረው አልችልም። አቅጣጫውን አምጪና ሁለቷን ውሰጂ።»

«የማንን አቅጣጫ?» አልኩ። «የተመለሱት ሁሉ ዜሮ ናቸው፤ ዜሮ ወዴት ይዞራል?»

መልሱ አንድ ብቻ እንደሆነ እሱም እኔም አወቅነው።

ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። አውቶቡስ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ፍራፍሬ ይገዛል፣ ረዳቱ ወልዲያ ወልዲያ እያለ ይጮሃል። እትየ ሉባባ እንደልማዳቸው ጀርባቸውን ለዚያ ሁሉ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ዞሬ ፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እትየ፣ አይቆጡኝና ለትምህርቱ አንዲት ነገር ጎደለችብኝ። ሰይድ የሄደው ወዴት አቅጣጫ ነው?»

እትየ ሉባባ ገርሟቸው አዩኝ።

«ይኼ ይጠየቃል እንዴ? ፊቴን አዙሬ የተቀመጥኩበትን አታይም?»

ዞር ብዬ አየሁ። ከሳቸው ፊት ለፊት ቤቶቹ ያልቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ በሐራ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው ሜዳ ነው፣ ፀሐይ የምትወጣበት። የልኩን ቦታ ክፍት ትቼ፣ አቅጣጫ ከሚለው ሥር ምሥራቅ ብዬ ጻፍኩ። ቲቸርም ሁለቷን ማርክ ሰጠኝ።

አልፌ አሥረኛ ገብቻለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ፊዚክስ አሁንም ይከብደኛል፤ አንዳንዴ ልተወው እላለሁ። ግን እንዴት አድርጌ? ከትምህርት ቤት ስመለስ በመናኸሪያው ነው የማልፈው፤ እትየ ሉባባ ደግሞ ኮቴዬን ለይተው ያውቁታል።

«ተማሪ» ይሉኛል፣ ዞር ሳይሉ። «ፊዚክስ ምን አለ?»

«ገና ነው ብሏል፣ እትየ።»

«እሺ። አንቺም እንዳትተዪው፣ በርቺ» ይሉኝና ከቅርጫታቸው የበሰለች ማንጎ መርጠው ይሰጡኛል።